ስለ ቁንዶ በርበሬ መፍጫ አመራረጥ

ሽንኩርቱ ተቁላልቶ፥ በርበሬው እሳቱን ጠግቦ፥ ሥጋው ወይም ምስሩ በስሎ ድስቱ ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው ባለሙያዪቱ እጇን ወደ መከለሻው ብልቃጥ ትሰዳለች። ያን ጊዜ የሚጨመረው ቅመም ከማንኪያ ጫፍ የማያልፍ ቢሆንም፥ ወጡ የሚታወስበትን መዓዛ የሚሰጠው እርሱ ነው። እንግዲህ በዚህ ወር ዓምዳችን ልንመለከተው ያሰብነው ይህ መከለሻ፥ ይልቁንም በውስጡ ዋናውን ስፍራ የያዘው ቁንዶ በርበሬ፥ በቤት ውስጥ በምን ዕቃ ቢፈጭ እንደሚሻል ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም የቤተ ሰቡን ጤና፥ የጓዳውን ገንዘብና የሚፈጨውን ሰው ጉልበት የሚነካ ስለ ሆነ፥ እመቤቶቻችን ለድስት ግዢ የሚያደርጉትን ያህል ማስተዋል ለዚህም ሊያደርጉ ይገባል እንላለን።

ተፈጭቶ የተዘጋጀው በገበያ ሞልቶ ሳለ በቤት መፍጨት ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ከፍሬው ከራሱ ተፈጥሮ የሚገኝ ነው። በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ምላስን የሚያቃጥለው ፒፐሪን የተባለው ነገር ሲሆን፥ ሁለተኛው ለአፍንጫ የሚደርሰው በቀላሉ የሚተን ዘይት ነው። ፒፐሪኑ ፍሬው ከተፈጨም በኋላ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ዘይቱ ግን ፍሬው ተሰብሮ አየር ካገኘው ጊዜ አንሥቶ መትነን ይጀምራል። ተፈጭቶ የሰነበተ ዱቄት ያቃጥላል እንጂ እምብዛም የማይሸተው ስለዚህ ነው። ሙሉው ፍሬ ግን ቅርፊቱ እንደ ተከደነ ብልቃጥ ሆኖ መዓዛውን ይጠብቅለታል፤ ከብርሃንና ከእርጥበት ርቆ ቢቀመጥም ከዓመት በላይ ይበረክታል። ቁንዶ በርበሬ በዛፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ፍሬ ነው፤ ጥንተ አገሩ የሕንድ መለባር ቢሆንም ዛሬ በእኛም አገር በቴፒና በበቃ አካባቢ ይበቅላል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ጥምዝ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የሚለቀም የራሳችን ቅመም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይልቅ የሚከብድ ነው። የተፈጨ ቅመም መልኩን እንጂ ዘሩን አያሳይም። ፍሬው ሙሉ ሆኖ ሲሸጥ የገዢዪቱ ዓይን ይዳኛል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን በሻጩ ቃል ከመታመን በቀር ምንም መንገድ የላትም። የደረቀ የፓፓያ ፍሬ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ተቀላቅሎ መሸጡ በብዙ አገር የታወቀ የንግድ ተንኮል ነው። ሙሉ ሆኖ ሲታይ የፓፓያው ፍሬ ሞላላ፥ መልኩም ወደ ቡናማ የሚያደላ ስለ ሆነ አስተዋይ ዓይን ይለየዋል፤ ከተፈጨ ግን ማን ይለየዋል? በቀዩ በርበሬ ላይ ደግሞ የተፈጨ ሸክላ እንደሚደባለቅ በከተሞቻችን ያልሰማ የለም።

ይህም የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 የአውሮፓ ኅብረት ወደ አገሮቹ የሚገባው በርበሬ ሱዳን አንድ ከሚባለው ቀለም ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲቀርብለት አዘዘ። ሱዳን አንድ ለሰም፥ ለዘይትና ለጫማ ቀለም የተሠራ ማቅለሚያ እንጂ የሚበላ ነገር አይደለም፤ ካንሰርን ያመጣል ተብሎም ይፈራል። ትእዛዙ ከወጣ በኋላ እንኳ በ2005 በእንግሊዝ አገር ይኸው ቀለም ያለበት የተፈጨ በርበሬ በአንድ የስጎ ዓይነት ውስጥ ተገኝቶ፥ ያ ስጎ የገባባቸው ከ400 በላይ የሆኑ የምግብ ዓይነቶች ከየመደብሩ ተለቅመው ተጣሉ። መርማሪ ሐኪምና ላቦራቶሪ ባላነሰበት አገር እንዲህ ከሆነ፥ ዓይኗን ብቻ ይዛ ገበያ የምትወጣ እናት ሙሉውን ፍሬ ብትመርጥ የሚፈረድባት አይደለችም።

ስለ ሻጋታም አንድ ቃል መጨመር ይገባናል። በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ታላላቅ ዶሮዎች ከመቶ ሺህ በላይ ሆነው በድንገት አለቁ፤ ምክንያቱም ሲመረመር የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ከሻጋታው የሚወጣው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ጉበትን የሚጎዳው ይህ መርዝ እርጥበት ባገኘው በርበሬና ቅመም ላይም ይፈጠራል፤ ማመስም ሆነ መቀቀል ፈጽሞ አያጠፋውም። የሻገተውን ፍሬ ለይቶ መጣል የሚቻለው ሳይፈጭ ነው። ስለዚህ መፍጫ ከመግዛት በፊት ሰፌድ ይዞ መልቀምን ማወቅ ይቀድማል፤ ጥሩ መፍጫ መጥፎ ፍሬን ጥሩ አያደርገውምና።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። በእጅ እየተዘወረ የሚፈጨውን የቁንዶ በርበሬ መፍጫ በዓለም ያስፋፋው የፈረንሳዩ ፔዦ ነው። ይህን ስም በከተማችን ጎዳና በመኪናነቱ የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ኩባንያው አውቶሞቢል ከመሥራቱ አስቀድሞ የመጋዝ ምላጭና የቡና መፍጫ ይሠራ ነበር፤ የመጀመሪያውን የቁንዶ በርበሬ መፍጫም ያወጣው በ1874 ነው። አሠራሩ እስከ ዛሬ እምብዛም አልተለወጠም። በውስጡ ሁለት ጥርስ ያላቸው ብረቶች አሉ፤ አንዱ እንደ ቀለበት ሆኖ ይቆማል፥ ሁለተኛው በመካከሉ ይዞራል። በላይ በኩል ጥርሶቹ ሰፋፊና ጠምዛዛ ስለ ሆኑ ፍሬውን ይዘው ይሰብሩታል፤ ወደ ታች ሲወርድ ጥርሶቹ እየደቀቁ ስለሚሄዱ የተሰበረውን ይፈጩታል። ከላይ ያለው ብሎን ሲጠብቅ ዱቄቱ ይልማል፥ ሲላላ ይሸረክታል። ከእናቶቻችን ወፍጮ ጋር ሲመዛዘን ሐሳቡ አንድ ነው፤ መጁ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ገባ ቢባል ያስኬዳል።

እንዲህ ያለውን መፍጫ ለመግዛት የምትሄድ እመቤት በመልኩ አትታለል። በሱቅ መስኮት የሚደረደሩት ቁመታቸው እንደ መቅረዝ የረዘመ መፍጫዎች ለሆቴል ጠረጴዛ ማማሪያ የተሠሩ ናቸው፤ በቤት ውስጥ ግን በአንድ እጅ የሚጨበጥ፥ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ ይበቃል። ትልቅ ሲሆን ብዙ ፍሬ ይሞላበታል፥ የተሞላውም በውስጡ ይሰነብታል፤ ይህም ዕቃው የተገዛበትን ዓላማ ያፈርሳል። ይልቅስ ገልብጣ ጥርሱን ትመልከት። ጥርሱ ጠንካራ ብረት ወይም ሸክላ መሰሉ ሴራሚክ ሊሆን ይገባል። ጥርሱ ፕላስቲክ የሆነ እንደ ሆነ መልሳ ታስቀምጠው፤ የፕላስቲክ ጥርስ ፍሬውን ሲፈጭ ራሱም እየተፈጨ ያልቃል፤ ያለቀው ወዴት እንደ ገባ መገመት አያስቸግርም። ፍሬው በውስጡ ተሞልቶ የሚሸጠው ሲያልቅም የሚጣለው የጠርሙስ መፍጫ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው።

ቀጥላም የሚዞረውን ክፍል በጣቷ ይዛ ወዲያና ወዲህ ታነቃንቀው። የሚንገዳገድ ከሆነ ዱቄቱ ወጥ አይሆንም፤ ግማሹ እንደ ጤፍ፥ ግማሹ እንደ ባቄላ ክክ ሆኖ ይወጣል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፍሬ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ መሄድና ሻጩን አስፈቅዶ በነጭ ወረቀት ላይ መፍጨት ነው። አንድ ጊዜ አላልቶ፥ አንድ ጊዜ አጥብቆ መሞከር ይበቃል፤ ልዩነቱ በግልጽ ካልታየ ብሎኑ ለጌጥ የተደረገ ነው። ይህን የሚከለክል ነጋዴ ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው።

ብረት ይሻላል ወይስ ሴራሚክ? ብዙ የውጭ አገር መጻሕፍት ሴራሚክ አይዝግም፥ ጨውም ይፈጫል እያሉ ያመሰግኑታል፤ እውነታቸው ነው። እኛ ግን ለአገራችን ጓዳ ብረቱን እንመርጣለን። ምክንያታችንም ከገበያ የምንገዛው ቅመም ብዙ ጊዜ ጠጠር ስለማያጣ ነው። ጠጠር የገባበት ብረት ይቧጨራል፥ ሴራሚክ ግን ይሰበራል፤ ስባሪውም ነጭ ስለ ሆነ ከሽሮ ወይም ከአሊጫ ውስጥ ለይቶ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ተበጥሮና ተለቅሞ የታሸገውን ስለሚገዙ ሴራሚኩ ቢመቻቸው አንከራከርም። የብረቱ ጠላት ጨውና ውኃ ናቸው። በቁንዶ በርበሬ መፍጫ ጨው ከቶ አይፈጭበትም፥ በውኃም አይታጠብም። በሚፈላ ድስት አፍ ላይ ይዞ መፍጨትም ልማዱ ቢያምር ጉዳቱ ብዙ ነው፤ እንፋሎቱ ወደ ጥርሱ እየገባ ዱቄቱን ያላቁጠዋል፥ ብረቱንም ያዝገዋል። በማንኪያ ወይም በመዳፍ ላይ ፈጭቶ ወደ ድስቱ መጨመር ይሻላል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ አንድ ነገር መደበቅ አይገባም። ይህ ዕቃ የተሠራው ለአንድ ፍሬ ብቻ ነው። የእኛ መከለሻ ደግሞ የአንድ ቅመም ሥራ አይደለም። ጥምዙ ረዥም ስለ ሆነ በአፉ አይገባም። ኮረሪማው ከቅርፊቱ ቢወጣም ፍሬው ወዝ አለው፤ ቅርንፉዱ ከዚያ ይብሳል፥ ዘይቱ ጥርሱን አጣብቆ መዘውሩን ያቆመዋል። ጥቁር አዝሙዱ ደቃቅ በመሆኑ ሳይፈጭ ሾልኮ ይወርዳል። ስለዚህ ባልትና ላለው ቤት የእጅ መፍጫው ረዳት እንጂ ዋና ሊሆን አይችልም፤ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሙቀጫው ይገዛ። በዚህ ፍርዳችን የፈረንጁን ዕቃ የምትወድ ወጣት ሙሽራ ቅር ብትሰኝብንም አንለውጠውም።

ለቅመም የሚሆነው ሙቀጫ በግቢ ቆሞ በርበሬ የሚወቀጥበት ታላቁ አይደለም፤ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ነው። ሙቀጫ በክብደቱ ይመረጣል። ቀላል ሙቀጫ በተመታ ቍጥር ስለሚዘል ሁለተኛው እጅ እርሱን ሲይዝ ይደክማል። ሆዱ ጠለቅ ያለ፥ አፉ ጠበብ ያለ፥ ታቹ ድቡልቡል የሆነ ይመረጥ፤ ታቹ ጠፍጣፋ ከሆነ ቅመሙ ወደ ጥግ እየሸሸ ዘነዘናው ባዶውን ይመታል። የዘነዘናው ጫፍም ከሙቀጫው ታች ጋር የሚስማማ መሆኑን በእጅ እያዞሩ መሞከር ይገባል። የእንጨቱ ሙቀጫ እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ እንጨት የተፈለፈለ ቢሆን ለዘመን ይኖራል፤ ነገር ግን እንጨት የገባበትን ሽታ አይለቅምና ለቡና ሌላ፥ ለቅመም ሌላ መሆን አለበት። የድንጋዩ ሽታ አይይዝም፤ ሲገዛ ግን አንድ ጭብጥ ሩዝ ወቅጦ ዱቄቱን ማየት ያሻል። ዱቄቱ ከጠቆረ ድንጋዩ ገና አሸዋውን ይጥላል፤ ሩዙ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሞ እየወቀጡ መጣል ነው። የነሐሱ ሙቀጫ ለደረቅ ቅመም እጅግ መልካም ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፥ ሎሚ ወይም አዋዜ ግን በውስጡ አይደር፤ ኮምጣጣና እርጥብ ነገር ነሐሱን እየበላ ወደ ምግቡ ያስገባዋል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውስ? በምላጭ የሚቆራርጠው ትንሹ መፍጫ ዛሬ በብዙ ቤት ገብቷል፤ ለበዓል ብዙ እንግዳ ሲጠበቅም ውለታው ቀላል አይደለም። ጉድለቱ ሁለት ነው። ምላጩ ስለሚመታ እንጂ ስለማይፈጭ ዱቄቱ ወጥ አይሆንም፤ በፍጥነት ስለሚዞርም ያሞቃል፥ ሙቀቱም አስቀድመን የተናገርነውን ዘይት ያበንነዋል። ስለዚህ ጣት ተጭኖ ከመቆየት ይልቅ ለጥቂት ቅጽበት እያስነሡና እያቆሙ፥ በመካከሉም ዕቃውን እያራገፉ መፍጨት ይገባል። መብራት በሄደ ጊዜ ደግሞ ያው ወደ ሙቀጫው መመለስ ነው።

ወፍጮ ቤት ለዓመቱ በርበሬና ሽሮ እንጂ ለአንድ ብልቃጥ መከለሻ አይሆንም፤ ጥቂቱ ቅመም በወፍጮው ሆድ ተበትኖ ይቀራል፥ ከፊተኛው ሰው የቀረውም ይቀላቀልበታል። ወደዚያ የሚላከውንም ቢሆን የወፍጮው ድንጋይ ወይም ብረት በዚያ ሰሞን ተሞርዶ እንደ ሆነ መጠየቅ መልካም ነው። ከወፍጮ በመጣው ዱቄት ላይ ማግኔት በስስ ወረቀት ጠቅልሎ ማንሸራሸር የብረት ብናኝ ካለበት ያሳያል፤ ይህን ሙከራ አዲስ የተገዛውን የእጅ መፍጫም ለመፈተን እንመክራለን።

ሙቀጫ ሲነሣ ሊታለፍ የማይገባው ነገር የሚወቅጠው ማን ነው የሚለው ነው። በብዙ ቤቶቻችን የሚወቅጡት እመቤቲቱ ወይም ባለቤቷ አይደሉም፤ ከገጠር የመጣች ልጅ እግር ሠራተኛ ናት። ሚጥሚጣው ሲወቀጥ የሚያስነጥሳት፥ ዓይኗን የሚያቃጥላት፥ ወገቧን የሚያጎብጣት እርሷን ነው፤ ወጡ ሲመሰገን ግን ስሟ አይነሣም። እንግዲህ ዕቃውን የምትመርጠው እመቤት በልጅቱ ቁመትና ጉልበት ትመዝነው። ሙቀጫው በወለል ላይ ተቀምጦ እርሷ ከምታጎነብስበት ይልቅ፥ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ክንዷ ከክርኗ በታች የሚወርድበት ቁመት ይፈለግ። ሚጥሚጣ በሚወቀጥበት ቀን መስኮት ይከፈት፥ አፍና አፍንጫዋን በንጹሕ ነጠላ ትሸፍን፤ የሙቀጫውም አፍ መካከሉ በተበሳና ዘነዘናውን በሚያሳልፍ ጨርቅ ይከደን። የሚቀጠቀጠውም በአንድ ጊዜ ከሙቀጫው ሢሶ አይብለጥ፤ ሲሞላ ይፈናጠራል እንጂ አይፈጥንም። እጅ ካቃጠለ ውኃ ብቻውን አይረዳም፤ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በቅባት እንጂ በውኃ ስለማይሟሟ፥ እጁን አስቀድሞ በዘይት አሽቶ ከዚያ በሳሙና መታጠብ ነው። በርበሬ ሲቀነጠስ ከዘሩ ይልቅ ዘሩን የያዘው ነጩ ሥጋ እንደሚያቃጥልም ይነገራት፤ ብዙ ሰው ይህን በተገላቢጦሽ ያምናልና። ካንዱ ቀን ድካሟ በኋላም በዚያው እጇ ሕፃን እንድታጥብ አትታዘዝ።

በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ለሚኖሩት ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የዘነዘናው ድምፅ ከታች ላለው ጎረቤት እንደ መዶሻ ይሰማል፤ ከዚህም የተነሣ ሰላምታ የተቋረጠባቸው ደጃፎች መኖራቸውን እንሰማለን። ከሙቀጫው በታች አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም በአራት የታጠፈ ጆንያ ማንጠፍ ድምፁን ብዙ ይቀንሰዋል። ሕመምተኛ ወይም አራስ ካለበት ደግሞ ለዚያ ሰሞን ጓዳው በእጅ መፍጫው ይገልገል፤ ጥምዙና ኮረሪማው ለጥቂት ሳምንት ቢቀሩ ወጡ አይበላሽም።

ስለ አያያዙ ጥቂት እንጨምር። የእጅ መፍጫው በውስጡ ያለው ዱቄት ሲያስቸግር አንድ ማንኪያ ደረቅ ሩዝ ቢፈጭበት ይጠረጋል፤ ሩዙ ይጣላል። ፍሬው ከአሥር ቀን ወይም ከሁለት ሳምንት ለሚበልጥ አይሞላበት። ከምድጃው አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ማኖር የተለመደ ቢሆንም ሙቀቱና እንፋሎቱ የሚደርሱት እዚያው ስለ ሆነ ወደ ጓዳው ጥላ ይዛወር። የእንጨቱ ሙቀጫ ከታጠበ በኋላ ወዲያው ይደፋ፥ ነገር ግን በፀሐይ አይሰጣ፤ ፀሐይ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፥ በስንጥቁም ውስጥ የገባው ቅመም እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ላይ አንድ ቀን ይደር። ስንጥቅ የታየበት ሙቀጫ ለቅመም መሆኑ ይቅርና፥ ለልጆች መቀመጫ ወይም ለአበባ መትከያ ይሁን።